«ሲያልቅ» የተባለችው ቮልስ

አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነበር፤ ስሙ ዘርጋው ይባላል። ቅንድቡ ክረምት ከበጋ በዱቄት የነጣ፣ ድምፁ ከወፍጮው ጩኸት በላይ የሚሰማ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። እህል ተሸክሞ የመጣ ሰው ወረፋው ቢረዝምበትም አይከፋውም፤ ዘርጋው ሲያስቀው ተራው ይደርሳል። ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም። በዚህ ሁሉ ላይ አንዲት ነገር ብቻ ነበረችበት፤ እሷም ግቢው ውስጥ የቆመች ቮልስ ናት።

ቮልሷን የገዛት ሚስቱን ትርፌን ባገባ ሰሞን ነው። ሲገዛት ሞተሯ አይነሳም፤ ወንበሯ ተቀዷል፤ አንዱ በሯ በሽቦ ታስሯል። ቀለሟ ሰማያዊ ነበር የሚሉ አሉ፣ አረንጓዴ ነበር የሚሉም አሉ። ዘርጋው ግን ገና ሲያያት ወደዳት። «ሞተር ሞተር ነው» አለ። «ወፍጮ የሚያስነሳ ሰው ቮልስ ማስነሳት ያቅተዋል?» እንዲህ ዓይነቱ ሒሳብ ስንቱን ሰው ጉድ እንደሠራው እናንተም ታውቃላችሁ። አህያ የጫነ ሁሉ ግመል መጫን ይችላል እንደማለት ነው።

እሑድ እሑድ ወፍጮው ሲዘጋ ቱታውን ይለብስና ከመኪናዋ ስር ይገባል። አንዱን ሲጠግን ሌላው ይበላሻል። ፍሬኗን ሲያበጅ ማርሿ እምቢ ይላል፤ ማርሿን ሲያባብል ዝገቱ ወለሏን ይበላዋል። የፈታውን ብሎን የት እንዳስቀመጠው ይረሳና ከሰዓት በኋላውን ሲፈልግ ይውላል። ሲመሽ ፊቱ በዘይት ጠቁሮ፣ ጥርሱ እየሳቀ ይወጣል። «ዛሬ ጥሩ ሠራሁ» ይላል። መሥራቱንስ ሠርቷል፣ ማን ይክዳል? መኪናዋ ግን እዚያው ናት።

የዘርጋው ዋና ጣጣው እጁ ሳይሆን አፉ ነው። ቃል መግባት ይወዳል። ሲገባም ከልቡ ነው፤ ለማታለል አይደለም። አማቱን እማማ ብርቄን ጉልበት ሲያማቸው ጊዜ፣ «እማዬ፣ መኪናዋ ሲያልቅ ጠበሉ ድረስ እወስድዎታለሁ፤ እግርዎ መሬት አይነካም» አላቸው። ባዩ የሚባል ጎረቤታቸው፣ ሚስት አጭቶ ለሠርጉ ገንዘብ ሲያጥረው፣ «አይዞህ፣ ሲያልቅ ሙሽራህን የምታመጣት በዚች ነው» አለው። ለትርፌማ፣ ገና በጫጉላቸው፣ «ሲያልቅ ሐይቁ ዳር ወስጄ፣ ውሃውን እያየሽ ዓሣ አበላሻለሁ» ብሏታል። ሲያልቅ፣ ሲያልቅ፣ ሲያልቅ። በመጨረሻ ሰፈሩ ለመኪናዋ «ሲያልቅ» ብሎ ስም አወጣላት። መንገድ የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ እንኳ «ከሲያልቅ አለፍ ብሎ ነው» ይሉታል። ዘርጋው ይሰማል፣ ከሁሉም በላይ ይስቃል።

ትርፌ ሹሩባ ትሠራለች። እጇ የተመሰገነ ነው፤ ለሠርግም ለክርስትናም ከሩቅ ሰፈር ድረስ እየመጡ ወረፋ ይይዙላታል። የምትሠራው ከመንገዱ ዳር በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ነበር። ታዲያ አንድ ቀን መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ቤቶቹ ይፈርሳሉ ተባለ። ትርፌ ሌላ ቤት ፈለገች፤ የተገኘው ሁሉ ከደንበኞቿ የራቀ ሆነ። የቀረላት የገዛ ግቢዋ ነው። በግቢው ውስጥ ደግሞ ወደ መንገድ የሚከፈት አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ እሱ ላይ ሲያልቅ ተንሰራፍታ ተቀምጣለች።

ትርፌ ጨቅጫቃ ሴት አይደለችም። እሑድ ዕለት ወደ መኪናዋ ሄደች፤ ከስሯ ለወጡት ሁለት እግሮች ጎንበስ ብላ ተናገረች።

«ዘርጋው፣ ሥራዬ ሊጠፋ ነው። ደንበኞቼ አንዴ ከተበተኑ አይሰበሰቡልኝም። ወይ አስነሳትና ሌላ ቦታ አቁማት፣ ወይ ሽጣት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ቤቱ ሳይፈርስ ቁርጤን አሳውቀኝ።»

እግሮቹ ትንሽ ተወዛወዙ። ከዚያ ከውስጥ «እሺ» የሚል ድምፅ መጣ።

ያን ሳምንት ዘርጋው እህል ለማስፈጨት የመጣውን ሁሉ «ልያዛት ወይስ ልሽጣት?» እያለ ሲጠይቅ ሰነበተ። ወፍጮ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ጤፍ የያዘችው «ይህን ሁሉ ዘመን ለፍተህባት ለሌላ ልትሰጣት ነው?» ትላለች። በቆሎ የያዘው «ከሚስትና ከቆርቆሮ የቱ ይበልጥብሃል?» ይላል። ክርክሩ ደርቶ አንዲት ሴትዮ የራሷን ትታ የሰው ዱቄት ይዛ ሄደች። ዘርጋው ሰባራዋን መኪና በአንድ ወገን፣ የትርፌን ፊት በሌላ ወገን እያየ አሰበበት። ሊያስነሳት እንደማይችል ልቡ ያውቃል። «እሸጣታለሁ» ብሎ ቆረጠ። ትርፌም ሰምታ ግንባሩን ሳመችው።

በዚያች ከተማ ደግሞ አንድ የቆየ ልማድ አለ። በሬም ይሁን ቤት፣ ብስክሌትም ይሁን መኪና፣ ሻጩ መርቆ ካላስረከበ ተሸጠ አይባልም። ውሉ ተፈርሞ፣ ምስክር ቆሞ፣ ገንዘቡ ተቆጥሮ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ገዢው ሁለት እጁን ዘርግቶ «በል መርቀኝ» ይላል። ሻጩ ከልቡ ካልመረቀ ዕቃው አይበረክትም ብለው ያምናሉ። ለይስሙላ አጉረምርሞ ማለፍም የለም። ቆመው የሚሰሙት ሽማግሌዎች ከአፍ የወጣውን ምርቃት ከልብ ከወጣው ይለያሉ። ካላማራቸው «እንደገና» ይላሉ፤ ሻጩም እንደገና ይመርቃል።

መጀመሪያ የመጣው ገዢ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ ነበር። ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገና በዋጋው ተስማማ። እጁን ሲዘረጋ ግን ዘርጋው «ምን ልታደርጋት ነው?» ብሎ ጠየቀው። «ገነጣጥዬ እቸረችራታለሁ» አለ ሰውየው፣ ሳያፍር። ዘርጋው አፉ ተያዘ። «እንደ እርድ በሬ በብልት አልሸጣትም» ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ማንም አልፈረደበትም። ትርፌም «ሰውየው እንኳንም ቀረ፣ ዓይኑ የሉካንዳ ነው» አለች።

ቀጥሎ አንድ የሆቴል ባለቤት መጣ። ጥሩ የለበሰ፣ ሳቂታ ሰው ነው። «ጣሪያዋን ቆርጬ አፈር እሞላታለሁ፤ ሆቴሌ ደጃፍ አቁሜ አበባ እተክልባታለሁ» አለ። ዘርጋው ሊመርቅ አፉን ከፈተ፤ በሳቅና በንዴት መካከል የሆነ ድምፅ ብቻ ወጣው። «ወዳጄ፣ እሷ መኪና እንጂ ማሰሮ አይደለችም» አለው። ይኼኛውም ሄደ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ትርፌ ግን በዚህኛው አልሳቀችም።

ሦስተኛው ጋሽ ቱፋ ነበሩ። ጋሽ ቱፋ ዕድሜያቸውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው አርፈዋል፤ ልጆቻቸው በየአገሩ ናቸው። መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ በሯን ከፍተው ገቡ፣ መሪውን ይዘው ትንሽ ተቀመጡ። ሲወጡ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«የሰው መኪና ስነዳ አረጀሁ» አሉ። «አሁን የራሴን አንዲት መኪና በእጄ ላስነሳ። ተነሳችም አልተነሳችም ጠዋት ጠዋት የምነሳላት ነገር አገኘሁ ማለት ነው። ቤቱ ጭር ብሎብኛል።»

ከዚህ የተሻለ ገዢ ከየት ይመጣል? በዋጋው ሳይከራከሩ ተስማሙ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ፤ ሽማግሌዎቹ ተሰለፉ፤ ትርፌ ደስ ብሏት ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። ጋሽ ቱፋ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «በል ልጄ፣ መርቀኝ» አሉ።

ዘርጋው ቁልፉን በመዳፋቸው ላይ አደረገ። «ይባ...» አለና ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ይባርክ...» አለና እንደገና ቆመ። የሚላቸውን ቃል ሁሉ ያውቀዋል፤ ለሰው በሬና ለሰው ቤት ስንት ጊዜ ሲመረቅ ቆሞ «አሜን» ብሏል። አሁን ግን ምላሱ አልታዘዝ አለ። በመጨረሻ ቁልፉን ከሽማግሌው መዳፍ ላይ መልሶ አነሳው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ሰዉ ተንጫጫ። ትርፌ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቤት ገባች። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ሰው ሁሉ ሲበተን ጋሽ ቱፋ አልሄዱም። ከመኪናዋ ተደግፈው ቆሙ።

«በጣም ትወዳታለህ መሰለኝ» አሉ።

«እወዳታለሁ፤ ያቃተኝ ግን በሱ አይደለም» አለ ዘርጋው። «ቃል አለብኝ ጋሽ ቱፋ። አማቴን ጠበል አደርስዎታለሁ ብያቸዋለሁ። ባዩን ሙሽራህን በዚች ታመጣለህ ብዬዋለሁ። ሚስቴን ሐይቅ እወስድሻለሁ ብያታለሁ። ዛሬ ሸጥኳት ማለት ለሁሉም ዋሸሁ ማለት ነው። ከዋሸ አፍ ምን ዓይነት ምርቃት ይወጣል?»

ጋሽ ቱፋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ሹፌር ነበርኩ፤ ተሳፋሪን አውቀዋለሁ» አሉ። «አውቶቡስ ሲቀርበት ሰው መናኸሪያ ቆሞ አይቀርም። ትንሽ ያማርራል፣ ከዚያ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። የአንተ ተሳፋሪዎች አሁንም ቆመው እንደሆነ አይተሃቸዋል?»

«ኧረ አላየሁም።»

«እንግዲያው ሂድና እያቸው። የቆመ ሰው ካገኘህ ተመልሰህ ሥራት፣ እኔ አልቀየምህም። ማንም ከሌለ ግን ና መርቀኝ።»

ዘርጋው በማግስቱ ወፍጮውን ዘግቶ ወጣ። በመጀመሪያ የሄደው አማቱ ዘንድ ነው። እማማ ብርቄ በረንዳቸው ላይ በሰፌድ ምስር ይለቅማሉ። ዘርጋው ከፊታቸው ተቀመጠ፤ ቱታውን ሳይሆን የክት ልብሱን ለብሶ ስላዩት ደነገጡ።

«ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«የለም እማዬ። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው። ጠበሉን...»

«የቱን ጠበል?»

«በመኪናዬ እወስድዎታለሁ ያልኩዎትን።»

እማማ ብርቄ ከምስሩ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ሳቅ ከሆዳቸው ተነሳ፤ ሰፌዱ ተንቀጥቅጦ ምስሩ በረንዳው ላይ ተበተነ። «አንተ ልጅ፣ እኔ'ኮ ባገኘሁት አውቶቡስ ሄጄ ተጠምቄ፣ ድኜ ከመጣሁ ስንት ዘመኔ ነው። አሁን'ማ አዲስ የሚመጡትን ወረፋ የማስይዝ እኔ ሆኛለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ደስ ብሎህ ትሠራ የለ? ምን ብዬ ላቀዝቅዝህ?» አሉና እጁን ያዙት። «ስማኝ። እግርዎ መሬት አይነካም ስትለኝ ያኔውኑ ነው ጉልበቴ ቀለል ያለኝ። አማቹ እንዲህ የሚላት ስንት ሴት አለች? ቃልህን ተቀብዬዋለሁ፤ መኪናህን ሽጣት። አሁን ና ይህን ምስር አብረኸኝ ልቀም።»

ምስሩን ለቅሞ ሲጨርስ ወደ ባዩ ሄደ። ባዩ በባጃጅ ሥራ የሚተዳደር፣ መንታ ልጆች ያሉት አባወራ ሆኗል። አንዷን ልጅ ትከሻው ላይ፣ አንዷን ጭኑ ላይ አድርጎ ገንፎ ያበላል፤ ገንፎው ከልጆቹ ይልቅ እሱ ላይ ነበር።

«ባዩ፣ ሙሽራህን በቮልሷ ታመጣታለህ ያልኩህን አልፈጸምኩም» አለ ዘርጋው።

ባዩ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ጋሼ ዘርጋው፣ ሙሽራዬ'ኮ ውስጥ ናት። ሠርጋችን ላይ አልነበርክም እንዴ? እስክስታ ስትመታ ቀበቶህ ተበጥሶ ሱሪህን በእጅህ ይዘህ አልነበር የጨፈርከው?»

ዘርጋው አስታወሰ። እውነትም ጨፍሯል። ሙሽሮቹ ባጃጅ በሪባን አሸብርቀው ሲመጡ ከፊት ሆኖ የተቀበላቸው እሱ ነው። ያን ዕለት በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ጨፍሮ፣ በማግስቱ ተመልሶ «ለባዩ ሠርግ መድረስ አለባት» እያለ ከመኪናዋ ስር ገብቷል። የራሱ ነገር ገርሞት ሳቀ።

የባዩ ሚስት ከጓዳ ብቅ አለች። «ጋሼ፣ እንኳንም በባጃጅ መጣሁ» አለች። «በሲያልቅ ቢሆን ኖሮ እስካሁን እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር።» ሦስቱም ሳቁ፤ መንታዎቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ሳቁ።

ዘርጋው ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ ብቻውን ይስቅ ነበር። ሲስቅ ግን አንድ ነገር ከነከነው። እስከዛሬ ሰዎች ይጠብቁኛል እያለ ሌሊት ከእንቅልፉ ይነቃ ነበር፤ ለካ ማንም አልጠበቀውም። ቀለል አለው፣ ትንሽም ከፋው። የቀረችው ትርፌ ብቻ ናት። እሷም እንደነሱ ትስቃለች፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል ብሎ አሰበ።

ትርፌን ያገኛት በተከራየቻት ክፍል ውስጥ ነው። ደንበኞቿ ሄደዋል፤ መስታወቷን ከግድግዳ አውርዳ በብርድ ልብስ ትጠቀልላለች። ዘርጋው ደንበኛ በሚቀመጥባት አጭር በርጩማ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። ፊት ለፊት ሊያያት አልደፈረም። የትርፌ ጣቶች ደግሞ ከፊታቸው ራስ ሲያዩ ሥራ አይፈቱም፤ ያችኑ አጭር ፀጉሩን እየለዩ መጎንጎን ጀመሩ።

«እናትሽም ባዩም ረስተውታል» አለ። «አንቺም ዓሣውን ረስተሽዋል አይደል?»

«አልረሳሁም» አለች።

ዘርጋው ደነገጠ። «እስካሁን እየጠበቅሽ ነው?»

«እየጠበቅኩ ነው። ግን መኪናዋን አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትጠብቂው?»

«ከስሯ እስክትወጣ» አለች ትርፌ። «ያገባሁት ሙሉ ሰው ነበር ዘርጋው። እሑድ እሑድ የሚደርሰኝ ግን እግሩ ብቻ ነው። ሐዘኔን ለእግርህ ነገርኩ፤ ደስታዬን ለእግርህ ነገርኩ። ሥራዬ ሊጠፋ ነው ስልህ እንኳ ያየሁት ጫማህን ነው። ሐይቁ ድረስማ አውቶቡስ ያደርሰኛል። አንተ ጋ የሚያደርሰኝ አውቶቡስ ግን የለም።»

ዘርጋው ዞር ብሎ አያት። ከዚያ አለቀሰ። ትልቅ ሰው፣ ጢሙ የሸበተ፣ ግማሽ ራሱ ተጎንጉኖ ግማሹ ቆሞ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ትርፌም መጀመሪያ አብራው አለቀሰች፤ ኋላ የፀጉሩን ነገር ስታይ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ።

በማግስቱ ጋሽ ቱፋ ተጠሩ። ሽማግሌዎቹም መጡ፤ ዛሬስ ምን ጉድ እናይ ይሆን ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ዘርጋው ቁልፉን በሽማግሌው መዳፍ ላይ አኖረና በሁለት እጁ ከደነው።

«አሜን በሉ» አለ። «ገዷ የቀና ይሁን። ሞተሯ ይነሳልዎ፤ እስክትነሳም ሥራዋ ደስታ ይሁንልዎ። መንገድዎን ያቅናው፣ ከክፉ ይሰውርዎ። ጭር ያለ ቤትዎን ታሙቅልዎ። አጠገብዎ ቁጭ ብሎ የሚያጫውትዎ አይጥፋ። ከእኔ የወሰደችውን እሑድ ሁሉ ለእርስዎ ትካስዎ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዳቸውም «እንደገና» አላሉም። አንደኛው እንዲያውም ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «አሜን» የሚለው ድምፅ እስከ አስፋልቱ ተሰማ።

ሲያልቅ በራሷ ጉልበት የማትሄድ ስለሆነች ልትገፋ ግድ ሆነ። ባዩ ከኋላ ትከሻውን ሰጠ፤ ወፍጮ ቤት የሚመጡት ሁሉ ተረባረቡ፤ እማማ ብርቄ ሳይቀሩ በአንድ እጃቸው ገፋ ገፋ አደረጉ። ጋሽ ቱፋ መሪውን ይዘው በመስኮት ለግራ ለቀኝ እጃቸውን እያወዛወዙ ወጡ፤ ሰው ጭነው ከመናኸሪያ የሚነሱ ነው የሚመስሉት። ሴቶቹ እልል አሉ። ዘርጋው ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ እየዘፈነ ገፋ። መኪናዋ ከጋሽ ቱፋ ግቢ ስትገባ ቁልቁል አያትና በሯን መታ መታ አድርጎ ወጣ።

እሑድ ሲደርስ ከልማዱ የተነሳ ቱታውን ለብሶ ወጣ። ቦታው ባዶ ነው። ትርፌ ቆርቆሮና መዶሻ ይዛ ትጠብቀዋለች። ዘርጋው ምሰሶ ሲተክል ትይዝለታለች፤ እሷ በር በዚህ በኩል ስትል እሱ በዚያ በኩል ይላል፤ ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ምሳ ረስተው ይውላሉ። አሮጌው ቤት ሳይፈርስ የትርፌ ሹሩባ ቤት ቆመ። ከደንበኞቿ አንዲት እንኳ አልጎደለችባትም። ሰውም ተገረመ፤ ዘርጋው የሚባል ሰው አንድ ነገር ጀምሮ ሲጨርስ ሲያዩ መጀመሪያቸው ነው።

ቤቱ በተከፈተ ሰሞን ባልና ሚስቱ በአውቶቡስ ሐይቁ ዳር ሄዱ። ዓሣው እሾህ ይበዛው ነበር ይላሉ። ትርፌ ግን የዓሣውን ነገር የሚጠይቃት ሲመጣ የምትናገረው ስለ ዓሣው አይደለም፤ መንገዱን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስላወሩት ነው። ዘርጋው የሹፌሩን የማርሽ አቀያየር ሊተች ሲነሳም ጆሮውን ይዛ እንዳስቀመጠችው ትጨምራለች።

መኪናዋስ ተነሳች ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። እኔም ያጫወተኝን ሰው ጠይቄው ነበር። «ስለ መነሳቷ አልሰማሁም» አለኝ፤ «የጋሽ ቱፋ ግቢ ግን እሑድ እሑድ ሰው አይጠፋበትም። አንዱ ብሎን ያቀብላል፣ አንዱ ይቀልዳል፣ አንዱ ሻይ ያመጣል።» በአንዱ ቤት ሰውን የነጠቀች መኪና በሌላው ቤት ሰው ሰበሰበች። ስለዚህ ጥፋቱ የሷ አልነበረም።

ወዳጆቼ፣ ቃል የምንገባው ለሰው ነው። እየቆየ ግን ቃሉን ከሰውየው ወስደን ለዕቃው እናስረክበዋለን። ለእነሱ ብዬ ነው እያልን ዕቃውን ስናገለግል እነሱ በር ላይ ቆመው ይቀራሉ፤ ወይም የራሳቸውን መንገድ ይዘው ይሄዳሉ፤ እኛም አናውቅም። ግቢያችሁ ውስጥ የቆመው ነገር መኪና ላይሆን ይችላል። ያልተጨረሰ ቤት፣ ያላለቀ ትምህርት፣ ያልተከፈተ ሱቅ ሊሆን ይችላል። ልያዘው ወይስ ልተወው ብላችሁ ከተጨነቃችሁ ለራሳችሁ መርቁት። በደስታ መርቃችሁ መያዝ ከቻላችሁ ያዙት፤ ለሌላ መርቃችሁ መስጠት ከቻላችሁ ስጡት። ሁለቱም ካቃታችሁ ግን ከስሩ ውጡና ለማን ብላችሁ እንደጀመራችሁት አስቡ፤ ሄዳችሁም ያን ሰው ጠይቁት።

ለመሆኑ የእናንተ ሰው የሚጠብቀው ዕቃውን ነው ወይስ እናንተን? መልሱን ለእኔ አትንገሩኝ፤ ለሚጠብቃችሁ ሰው ንገሩት። ታሪኩንም እሑዱን ሥራ ለበላበት ወዳጃችሁ አጫውቱት።